ከባዱ

በተወለደ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ስሙን በጆሮው የምትነግረው አክስት ናት፣ የአባቱ እኅት።
ስለዚህ ፑኔ ላይ፣ ትኬት ከምቆርጥበት አውቶብስ ወርጄ
ሌላ አውቶብስ ተሳፍሬ መጣሁ፣
የማውቀውን ስም ልሰጥ ለማላውቀው ልጅ።

ካህኑ ኮከቡን ቆጥሮ አንዲት ፊደል ሰጥቷል፦ «ቺ»።
ሹብሃንጊ ከፊደሏ ቀጥላ «ቺንማይ» አለች፤
«ንቃት የሞላው» እንደ ማለት።
ወንድሜ ስልኩ ላይ ጻፈው፣ አነበበው፣
ደግሞ አነበበው።

እኔ ግን የአያታችንን ስም ይዤ ነበር።

ዶንዲባ። ድንጋይ ማለት ነው፤ ሌላ ፍች የለውም።
እናቱ ከሱ በፊት አምስት ወልዳ አምስት ቀብራለች፤
የፀሐይ ስም ነበራቸው፣ የንጉሥ ስም፣ የአምላክ ስም፤
ሞት የሚያምር ስም ሲጠራ ይሰማል አሉ፣
እየሰማ ወሰዳቸው።
ስድስተኛውን በሰፌድ አድርጋ
ለጎረቤት ሸጠችው፣ በእፍኝ ፍሩሽካ፤
ማታ ማታ «የአደራ ልጅ ነው» እያለች አጠባችው።
ስሙንም ድንጋይ አለችው፦
ድንጋይ ማን ይመኛል? ማን ይሰርቃል?
ሞት በደጁ ሲያልፍ አንድ ሁለቴ ተደናቀፈበት እንጂ
ጎንበስ ብሎ አላነሣውም፣
ሰማንያ አንድ ዓመት።

ሚስቱ አንሱያባይ ይህን ስም ጠርታው አታውቅም።
ሚስት የባሏን ስም ከጠራች ዕድሜው ያጥራል።
ስሙን ብቻ መሰላችሁ? ቃሉንም ተወችው።
እርሻ ላይ «ያን ከባዱን ወዲያ በሉት» ትለናለች፤
የደጃፉ መረገጫ «ከባዱ»፣
ወፍጮው «ከባዱ»፣
ሐኪሙ ኩላሊቷ ውስጥ ያገኘው እንኳ
«ትንሹ ከባድ»።

በግጥም ከሆነ ይፈቀዳል።
ሙሽራ ሳለች፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣
ሴቶቹ በሩን ይዘው «ስሙን ካልጠራሽ አትገቢም» ሲሏት
ዓይኗን መሬት ተክላ እንዲህ አለች አሉ፦

  «ክሪሽና ወንዝ ሲሞላ ሁሉን ይዞ ይሄዳል፤
  የኔን ግን አይወስደውም፣ ከሥር ተኝቶ ይስቃል።»

«ስሙ የታለ?» ቢሏት
«ውኃ ውስጥ» አለች። ሳቁ፣ አስገቧት።

ከሞተ ሰባት ዓመቱ። ከእንግዲህ የሚያጥር ዕድሜ የለውም፤
አፏ ግን አልተፈታም።

«የአያቱን ስም እንስጠው» ስል ወንድሜ ሳቀ፦
«ትምህርት ቤት ድንጋይ እያሉ ሊጫወቱበት?
ደግሞስ እሷ ልጁን ምን ብላ ትጠራዋለች?»
ለሁለተኛው መልስ አልነበረኝም።

ማታ አልጋው ከጣሪያ ተንጠለጠለ፣ በቢጫ አበባ ተሸለመ።
ከልጁ በፊት የሚተኛበት መጅ ነው፣
የቅመም መፍጫው መጅ፤
ይታጠባል፣ ኩል ይኳላል፣ እንደ ሕፃን ይጠቀለላል፣
ባልጋው ላይና ሥር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።
አያቴ መበለት ናትና ጥግ ይዛ ነበር፤
ሹብሃንጊ ናት እጇን ጎትታ መሐል ያስገባቻት።

መጁ እሷ ዘንድ ደረሰ። አላሳለፈችውም።
ጭኗ ላይ አስተኛችው፣
ጨርቁን ከፊቱ ገለጥ አደረገች፣ ፊት ያለው ይመስል።
አጠገቧ ነበርኩ፤ ጆሮዬ አልሳተም፦
«ዶንዲባ» አለች፣
አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሰው፣ ቀስ ብላ።
«ዶንዲባ። አንተ ዶንዲባ።»
ስድሳ ስድስት ዓመት።
ከዚያ ለቀጣይዋ ሴት አቀበለችና
«ያዢ፣ ከባዱን» አለቻት።

ተራዬ ደረሰ። በልጁ ጆሮ «ቺንማይ» አልኩ፤
ሴቶቹ ጀርባዬን ደለቁት፣ እንደ ልማዱ፤
ስኳር ታደለ፤ ልጁ አስነጠሰ።

በማግስቱ በዚያው መጅ ነጭ ሽንኩርት ፈጨን።
ኩሉ በደንብ አልለቀቀም ነበር።